ፊቱን ለመንገድ፣ ጀርባውን ለጓሮ
(ስለ ጡብ ቤት፣ ስለ በረንዳና ስለ መካኒሳ አጥር የቀረበ ሂስ)

በዚህች መጽሔታችን ሂስ ሲባል የሚመጣልን ግጥም፣ ልብ ወለድ፣ አልፎ አልፎም ተውኔት ነው። ገጣሚው ስንኙን እንዴት እንደ ቋጠረ፣ ደራሲው ገጸ ባሕርዩን እንዴት እንደ ሣለ እንከራከራለን፤ ይዘት ይቅደም ቅርጽ እየተባባልን መኝታ ክፍል ውስጥ እናመሻለን። ቤት ግን አናነብም። እንገባበታለን፣ እንወጣበታለን፣ ኪራዩ ተወደደ ብለን እናማርርበታለን እንጂ እንደ አንድ የሰው ሥራ ቆመን አንመለከተውም። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ቤት ለመንገደኛ የሚናገር ሥራ ስለ ሆነ ሂስ ይገባዋል። ሂሱም ከባለቤቱ ስምና ማዕርግ ሳይሆን ከቤቱ ፊትና ከቤቱ ጓሮ መጀመር አለበት።

ነገሩ የቅንጦት ወሬ እንዳይመስል ምክንያቱን ላስቀድም። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት በፒያሳ፣ በዶሮ ማነቂያና በአካባቢው ብዙ አሮጌ ቤት ፈረሰ። ያን ጊዜ የሰማነው ክርክር ሁለት ጎራ ነበረው። አንደኛው ጎራ «ያረጀ የጭቃ ቤት ነው፣ ሽንት ቤት እንኳ የሌለው፣ ይፍረስ» ይላል። ሁለተኛው ጎራ «ቅርስ ነው፣ የእገሌ መኰንን ቤት ነው፣ እንዳይነካ» ይላል። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። ነገር ግን ልብ ብላችሁ ከሆነ ሁለቱም ቤቱን አላነበቡትም። አንደኛው የቤቱን እርጅና ብቻ አየ፣ ሁለተኛው የባለቤቱን ስም ብቻ አየ። ግጥሙን ሳያነብ «ወረቀቱ ቢጫ ሆኗልና ይጣል» የሚል ሰውና ግጥሙን ሳያነብ «ገጣሚው ትልቅ ሰው ነበርና ይከበር» የሚል ሰው ቢመጡብን ሁለቱንም ሐያሲ አንላቸውም። ታዲያ በቤት ላይ ሲሆን ለምን እንቀበላቸዋለን?

እንግዲህ እናንብብ። መጀመሪያ ግን «የቤት ፊት» የምንለው ነገር በራሱ ከየት እንደ መጣ ማሰብ ያስፈልጋል። አያቶቻችን የኖሩበት ጎጆ ክብ ነው። ክብ ነገር ፊት የለውም፤ ያለው በር ብቻ ነው። በዙሪያው ብትዞሩ ያው ግድግዳ፣ ያው የሣር ክዳን ነው። ጎጆ የሚናገረው በውስጡ ነው፦ በምሰሶው፣ በመደቡ፣ በምድጃው፣ በጓዳው። እንግዳ ካልገባ አያነበውም። ፊት ያለው ቤት የሚመጣው ቤቱ አራት ማዕዘን ሲሆንና ከፊቱ መንገድ ሲያልፍ ነው። ያን ጊዜ ከአራቱ ግድግዳዎች አንዱ ይመረጥና «አንተ ተናገር፣ ሌሎቻችሁ ዝም በሉ» ይባላል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤት እንደ ሰው የሚያሳየውና የሚደብቀው ነገር ይኖረዋል።

ይህን ማሳየትና መደበቅ በግልጽ የሚያስተምር አንድ የታወቀ ምሳሌ ስላለ አዲስ አበባን ለጊዜው ትቼ ወደ ለንደን ልሻገር። እንግሊዞች «ጆርጂያዊ» የሚሉት የጡብ ቤት ነው። ስሙ ከአራዳው ጊዮርጊስም ሆነ ከጆርጂያ አገር ጋር አይገናኝም፤ ከእ.ኤ.አ. 1714 እስከ 1830 ድረስ እየተከታተሉ የነገሡ አራት ጆርጆች ስለ ነበሩ በእነሱ ተጠራ። ቤቱ ጠባብና ረጅም ነው፤ ከጎረቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ሦስትና አራት ፎቅ ሆኖ በመንገዱ ዳር እንደ ሰልፍ ይቆማል። ጌጡ ጥቂት ነው። በመጀመሪያ ሲያዩት «ይኼ ምኑ ነው የሚደነቀው?» ያሰኛል። ሲደጋግሙት ግን ነገሩ ሁሉ በልክ መሆኑ ይገባል።

ጡቡን እንይ። አንዱ ጡብ በርዝመቱ ይተኛል፣ ቀጣዩ በጫፉ፣ እንደገና በርዝመቱ፣ እንደገና በጫፉ፤ በላይኛው ረድፍ ደግሞ የጫፉ ጡብ በታችኛው ረድፍ የርዝመት ጡብ መካከል ላይ ያርፋል። ግድግዳው በዚህ ይያያዛል፤ ዓይን ደግሞ እንደ ግጥም ምት ረጅምና አጭር፣ ረጅምና አጭር እያለ ይከተለዋል። መስኮቱን እንይ። በመጀመሪያው ፎቅ ላይ ያለው መስኮት ረጅም ነው፣ ምክንያቱም እንግዳ መቀበያው ክፍል እዚያ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ያንሳል፣ ከጣሪያው ሥር ያለው ደግሞ አራት ማዕዘን ሆኖ ያጥራል። ወደ ላይ ሲወጣ የሚያንሰው መስኮት ብቻ አይደለም፣ የነዋሪውም ማዕርግ ነው፦ ከላይ ልጆችና ሠራተኞች ይተኛሉ። መስኮቱ ወደ ውጭ አይከፈትም፤ ሁለቱ ክፈፎች በገመድና በሚዛን ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታሉ። ከበሩ በላይ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ግማሽ ክብ መስታወት አለ። ቤቱ ከሁለት ጎኑ በጎረቤት ስለ ታፈነ መተላለፊያው ጨለማ ነውና ያ መስታወት ብርሃን ያስገባል። ጌጥ የመሰለን ነገር ሥራ ያለው ሆኖ ሲገኝ ያ ጥሩ ቅርጽ ነው።

ዋናው ቁም ነገር ግን እዚህ ላይ ነው። ይህን ቅርጽ አንድ ታላቅ ባለሙያ ተመስጦ አልፈጠረውም፤ ከፊሉን ሕግ ፈጠረው። እ.ኤ.አ. በ1666 ለንደን በእሳት ጋየች። በማግሥቱ ዓመት የወጣው ሕግ ቤት በጡብ ወይም በድንጋይ እንዲሠራ አዘዘ። በ1707 የወጣው ደግሞ ከጣሪያው ሥር ወጣ ብሎ የሚታየውን የእንጨት ጌጥ ከለከለ፤ ስለዚህ ግድግዳው ከጣሪያው በላይ ከፍ ብሎ ክዳኑን ጋረደው። በ1709 የመስኮቱ እንጨት ከግድግዳው ፊት አራት ኢንች፣ ማለት አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ወደ ውስጥ እንዲገባ ተደነገገ። ሁሉም እሳት እንዳይዛመት ነው። የግድግዳው ውፍረት በመስኮቱ ዳር ጥላ እየጣለ የሚታየው፣ ያ ሁሉ ሰው «እንዴት ያምራል!» የሚለው ጥላ፣ የእሳት ፍራቻ ልጅ ነው። በ1774 ደግሞ ቤቶች በስፋታቸውና በዋጋቸው በአራት ደረጃ ተመደቡና ለእያንዳንዱ ደረጃ የግድግዳ ውፍረት ተወሰነ። ገደብ ፈጠራን ይገድላል ለሚሉ የግጥም ጓደኞቻችን ይህ ጥሩ መልስ ይመስለኛል። ቤት መምታት ግዴታ ሆኖበት ጥሩ ስንኝ የቋጠረ ገጣሚ ስንት አለን!

ይህን ብዬ ግን ቤቱን ቅዱስ ላደርገው አልፈልግም። የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ፊቱ በተመረጠ ጡብ ተሠርቶ ከኋላው ርካሽ ጡብ የተደረደረበት ግድግዳ ብዙ ነው። ጡቡ ሸካራ ከሆነ ደግሞ ስፌቱን በጡቡ ቀለም ልቅላቂ ይሞሉትና በላዩ እንደ ክር የቀጠነ ነጭ መስመር ያሰምሩበታል፤ ከሩቅ ሲታይ ጡቡ በብልኃት የተስተካከለ ይመስላል። በሌላ ቤት ደግሞ ከበስተኋላው ክፍል የሌለው መስኮት ታገኛላችሁ፤ ቅርጹ አለ፣ ውስጡ በጡብ ተሞልቷል። ብዙ ሰው ይህን ሁሉ በመስኮት ግብር ያሳብባል። ግብሩ እውነት ነው፣ ከ1696 እስከ 1851 ድረስ ይከፈል ነበር። ነገር ግን ከእነዚህ ዕውር መስኮቶች ብዙዎቹ ከመጀመሪያው ለሚዛን ሲባል ብቻ የተሠሩ ናቸው። በግራ መስኮት ካለ በቀኝ መኖር አለበት፤ ክፍሉ ባይኖርም መስኮቱ ይኑር ነው ነገሩ።

ወጥ ቤቱና ሠራተኞቹስ? ምድር ቤት ናቸው። ከመንገዱ ዝቅ ያለ ጉድጓድ አለ፣ በብረት አጥር የተከበበ፤ የድንጋይ ከሰሉም፣ ምግቡም፣ ሠራተኛይቱም በዚያ ይወርዳሉ። ጌታው በላይኛው በር ይገባል። ቤቱን ያሠራው ገንዘብስ? ከፊሉ ከካሪቢያን የስኳር እርሻ፣ በባርነት ከተያዘ የአፍሪካ ሰው ላብ የመጣ ነው። ይህን «ሰምና ወርቅ» ነው ብለን እንዳናልፈው። በቅኔ ሰሙ ወርቁን እንድንፈልግ ይጋብዘናል፤ የዚህ ቤት ፊት ግን የተሠራው ጓሮውን እንዳንፈልግ ነው።

ለእኛ ታሪክ እጅግ የራቀም አይደለም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከ1928 እስከ 1932 ዓ.ም. በስደት የኖሩት በባዝ ከተማ፣ ፌርፊልድ በተባለ ቤት ነበር። ቤቱ ራሱ ከዚህ ዘመን በኋላ የተሠራ ነው፤ ከተማይቱ ግን የጆርጆቹ ዘመን ከተማ ናት፣ በጡብ ፈንታ በቢጫ ድንጋይ የተሠራች። እዚያ ሮያል ክረሰንት የሚባል እንደ ጨረቃ የተጎበጠ የሠላሳ ቤቶች ረድፍ አለ፤ ከ1767 እስከ 1775 ተሠራ። ፊቱን አንድ ሰው፣ ትንሹ ጆን ዉድ፣ ነደፈው። ቤት የገዛው ሁሉ ግን የገዛው የዚያን ፊት ቁራጭ ነው፤ ከበስተኋላው እንደ አቅሙና እንደ ፍላጎቱ በራሱ ግንበኛ አሠራ። ስለዚህ ከፊት አንድ ቤተ መንግሥት ይመስላል፤ ከጓሮ ብትሄዱ አንዱ ከፍ ያለ፣ አንዱ ዝቅ ያለ፣ አንዱ የጎበጠ፣ ገበያ ነው። እኔ ይህን ማታለል ብቻ አድርጌ አላየውም። ሠላሳ ባለቤት ለመንገዱ ሲሉ በአንድ ቃል ለመናገር ተስማምተዋል፤ ከጓሮ የየራሳቸውን ቋንቋ ጠብቀዋል። ጎረቤትን ማክበርና ድሃን መደበቅ በአንድ ግድግዳ ላይ አብረው ተሠርተዋል። ሐያሲ ሁለቱንም ካልተናገረ ግማሽ ሂስ ነው የጻፈው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ድንኳንና ጎጆ ነበረች። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የሕንድ፣ የአርመንና የግሪክ ግንበኞችና አናጺዎች ከአገሬው ባለሙያ ጋር ሆነው አንድ አዲስ የቤት ዓይነት አወጡ። መሠረቱና ምድር ቤቱ ድንጋይ፣ ብዙውን ጊዜ በጭቃ የተያያዘ፤ የላይኛው ፎቅ እንጨትና ጭቃ፤ ጣሪያው ሾጣጣ፣ ቆርቆሮ የለበሰ፤ ከጣሪያው ጠርዝ ላይ እንደ ጥልፍ የተፈለፈለ እንጨት የተንጠለጠለበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ በፊቱ፣ አንዳንዴም በዙሪያው፣ በእንጨት ምሰሶ የቆመ ሰፊ በረንዳ አለው። በ1898 ዓ.ም. የተሠራውን ጣይቱ ሆቴልን፣ ከመስቀል አደባባይ በላይ ያለውንና ከተማዋ መቶ ዓመቷን ስታከብር በ1970ዎቹ መጨረሻ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነውን የራስ ብሩን ቤት ያየ ሰው የዚህን ዘር ገጽታ ያውቀዋል። ከመኳንንቱ ቤት ሌላ ደግሞ የነጋዴው ቤት ነበረ፦ በአራዳ መንገዶች ዳር ከጎረቤቱ ጋር ተጠግቶ፣ ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ፣ ከመኖሪያው ፊት ሰገነት። ለለንደኑ የጡብ ቤት በዘመድ የሚቀርበው ይህ የነጋዴ ቤት ነው። በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ብዙም ስም ያልተጠራለትም እሱ ነው፤ የሚጠራ ማዕርግ አልነበረውማ።

የዚህን ቤት ፊት ከለንደኑ ጋር ብናስተያየው ልዩነቱ በበረንዳው ነው። የለንደኑ ቤት ፊት ቀጭን ነው፤ ከጡቡ እስከ መስኮቱ ያለው ጥላ አሥር ሴንቲ ሜትር ነው። የእኛው ፊት ጥልቅ ነው፤ ጥላው ሁለት እርምጃ ይሄዳል። ከመንገዱ ወደ ቤቱ በአንድ ጊዜ አትገቡም፤ ደረጃ ትወጣላችሁ፣ በረንዳ ላይ ትቆማላችሁ፣ ከዚያ በሩ አለ። የክረምቱ ዝናብ የጭቃውን ግድግዳ እንዳያጥበው በረንዳው ይከላከላል፤ የበጋው ፀሐይ እንዳያቃጥል ያጠላል። ይህ እንግዲህ ቅርጹ ነው። ይዘቱስ? በመኳንንቱ ቤት በረንዳና ደጅ የደጅ ጠኚ ቦታ ነበር። ባለ ጉዳይ እዚያ ይቆማል፣ ይጠብቃል፣ ጌታው ከላይ ሆኖ ያየዋል። ደጅ መጥናት የምንለው ቃል የቆመው በእንዲህ ያለ ደጅ ላይ ነው። ስለዚህ በረንዳውን «የእንግዳ ተቀባይነታችን ምልክት» ብቻ አድርጎ የሚያሞግስ ሰው ካለ ደጅ የጠናውን ገበሬ ረስቶታል።

የነጋዴው ቤት በረንዳ ደግሞ ሌላ ነገር ሠራ። ቀን መንገደኛ ከዝናብ ይጠለልበታል፣ ልብስ ሰፊው መኪናውን ያወጣበታል፤ ማታ ሱቁ ሲዘጋ ቤት የሌለው ይተኛበታል። «በረንዳ አዳሪ» የሚለውን ቃል ስንናገር የምንሰማው ድህነትን ነው፣ ልክ ነው። ነገር ግን በቃሉ ውስጥ አንድ የሕንፃ ክፍልም አለ፦ የግል ቤት ሆኖ ሳለ ለማንም የተረፈ ጣሪያ። እስቲ ዛሬ ከላይ እስከ ታች መስታወት ለብሶ የቆመውን ሕንፃ ተመልከቱ። የት ይጠለሉበታል? ድህነቱ አልጠፋም፤ የጠፋው በረንዳው ነው።

ከቃል ካነሣሁ አንድ የቋንቋ ነገር ልጨምር፣ እኛ የቋንቋ ተማሪዎች ነንና። ጓዳ፣ ምሰሶ፣ ማገር፣ እልፍኝ፣ አዳራሽ፣ ደጃፍ የራሳችን ናቸው። ፊት ያለው ቤት ሲመጣ ግን ቃሉንም ይዞ መጣ፦ በረንዳ፣ ሳሎን፣ ኮርኒስ፣ ብሎኬት፣ ሲሚንቶ፣ ፌሮ። ከነዚህ ሁሉ የሚያስቀኝ ኮርኒስ ነው። ቃሉ በጣልያንኛ በጣሪያ ወይም በግድግዳ አናት ላይ ወጣ ብሎ የሚታየው ጌጥ ነው፤ ያ በ1707ቱ ሕግ በእንጨት እንዳይሠራ የተከለከለው ማለት ነው። እኛ ዘንድ ሲደርስ ወደ ውስጥ ገባና ከራሳችን በላይ ያለው ልባስ ሆነ። የውጭ ጌጥ የነበረ ቃል የቤት ውስጥ ሰማይ ሆነ! ይህ ስሕተት አይደለም። ባለሙያው ቃሉን እንደ ዕቃ ተቀብሎ ለሚፈልገው ቦታ ተጠቀመበት። እነዚያ አናጺዎች በጠርዙ ላይ ለሚሰቅሉት ጥልፍ፣ ለምሰሶው አናት፣ ለደረጃው መደገፊያ የየራሳቸው መጠሪያ ነበራቸው። ቃሉ የኖረው ደግሞ በሚሠሩት እጆች ዘንድ እንጂ በመዝገብ አልነበረም። ቤቱ ሲፈርስ እንጨቱ ለማገዶ ይሄዳል፤ መጠሪያው ግን ለማገዶም አይሆንም፣ እንዲሁ ይጠፋል።

ከዚያ 1967 ዓ.ም. መጣ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ወጣ። ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የነበሩት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። አንድ ቤተሰብ የኖረበት የመኳንንት ወይም የነጋዴ ቤት ለብዙ ቤተሰብ ተከፋፈለ። አዳራሹ በኮምፔንሳቶ ተከፈለ፣ በረንዳው በቆርቆሮ ተዘግቶ ወጥ ቤት ሆነ፣ ከጓሮ ተጨማሪ ክፍል ተቀጠለ። ቅርስ ወዳዱ ይህን ሲያይ «አበላሹት» ይላል። እኔ ግን ይህንንም አንብቡ እላለሁ። በአንድ መጽሐፍ ኅዳግ ላይ ብዙ አንባቢ ማስታወሻ እንደሚጽፍ፣ የተዘጋው በረንዳ በአዋጁ ቤት ያገኘው ሰው የጻፈው ኅዳግ ነው። ደጅ የሚጠናበት ቦታ ላይ ሽሮ ተሠራበት። በታሪክ ዓይን ሲታይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በዚያው መጠን ደግሞ ኪራዩ አነስተኛ ስለ ሆነ ለጥገና የሚበቃ ገንዘብ አላመጣም፤ ቆርቆሮው ሲያፈስ ተከራዩ «የቀበሌ ነው» አለ፣ ቀበሌው «በጀት የለም» አለ፣ ጭቃው ከመሠረቱ ጀምሮ ላላ። ቤቱን ለዶዘር ያዘጋጀው ይኸው ባለቤት ማጣት ነው። ጣይቱ ሆቴልንማ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት በላው፤ ብዙው ክፍሉ ተጎዳ። የለንደን ሰው ከእሳት በኋላ ሕግ ጻፈና ሕጉ ቤት ወለደ። እኛ ከእሳት በኋላ አዘንን፣ ከዚያ ረሳን።

መቼም ይህን የሚያነብ አንባቢ «መካኒሳ የት ገባች?» ማለቱ አይቀርም። መካኒሳ የገባችው መጨረሻ ላይ ስለ ሆነች ነው። ከሳር ቤት ቁልቁል እስከ ጀርመን አደባባይ ያለው አገር ፒያሳ ስታረጅ ገና ገጠር ነበር። የመኳንንት ቤት የለበትም፤ ቅርስ ብሎ የሚጮህለትም የለም። ነገር ግን የዛሬውን የአዲስ አበባ ቤት ለማንበብ ከፒያሳ ይልቅ መካኒሳ ይሻላል። ከ1967ቱ አዋጅ በኋላ አንድ ሰው ለመኖሪያው እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ ማግኘት ይችል ነበርና እንዲህ ባሉ ሰፈሮች ሰው በማኅበር ተደራጅቶም በግሉም ቪላ ሠራ። በሰፈሩ የውስጥ መንገዶች ብትሄዱ የምታነቡት ግን ቪላውን አይደለም፤ አጥሩን ነው። ግንብ፣ በግንቡ ላይ የተሰካካ ጠርሙስ ወይም ሽቦ፣ ከዚያ የቆርቆሮ ወይም የላሜራ በር። የቤቱ ፊት ከበሩ ውስጥ ነው። በረንዳም አለ፣ ሁለት ወንበር የምትይዝ፤ የምታየው ግን አጥሩን ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ወደ መንገዱ የወጣው በረንዳ ዛሬ ከግንብ ጀርባ ታስሮ ተቀምጧል።

ጡብም አለ። ግን የት? በፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ ብቻ፣ አንዳንዴም በበሩ ግራና ቀኝ ሁለት ዓምድ ያህል። ጎኑ ብሎኬት ነው፣ ጀርባው ጭራሹን ያልተለሰነ። እንግዲህ የለንደኑን ቤት «ፊቱን አስጊጦ ጓሮውን ደበቀ» ብለን ከሰስነው፤ የመካኒሳውስ? የለንደኑ ቢያንስ የሚያሳየው ሰው አለው፣ መንገደኛ ያየዋል። የመካኒሳው ፊቱን አስጊጦ ሲያበቃ ፊቱንም ከአጥር ኋላ ደበቀው። ለማን ተጌጠ? ለባለቤቱና ለእንግዳው። ለጎረቤትና ለመንገደኛ የቀረው ግንብ ነው።

ከቪላው ጀርባ ደግሞ ሰርቪስ አለ። የለንደኑ ቤት ጓሮውን መሬት ውስጥ ቀበረ፣ የእኛው ከዋናው ቤት ኋላ በተርታ ደረደረው፦ ወጥ ቤት፣ የሠራተኛ ክፍል፣ የሚከራይ ክፍል፣ የጋራ ሽንት ቤት። ከመካከላችን ከግቢ ውጭ የሚኖር ተማሪ ካለ የሚከራየው ብዙውን ጊዜ ይህንን ነው። በዋናው በር ገብቶ፣ በቪላው ጎን በምታልፍ ጠባብ መተላለፊያ ጎንበስ ብሎ፣ ወደ ጓሮ። ስለዚህ የቤት ፊትና ጓሮ ስል ስለ ሩቅ አገር ጡብ ብቻ እያወራሁ አይደለም። ከእኛ ብዙዎቹ ይህን መጽሔት የሚያነቡት በአንድ ቤት ጓሮ ውስጥ ተቀምጠው ነው። ቤቱ ስለ እኛ ምን እንደሚል የምናውቀው ከፊቱ ሳይሆን ከዚያች መተላለፊያ ስፋት ነው።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ። «ሰው ቤት አጥቶ ሳለ አንተ ስለ ቤት ፊት ትጽፋለህ» የሚል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን እንዲህ ብዬ እመልሳለሁ፦ ዛሬ ቤት የሚፈርሰውም የሚሠራውም «ውብ ከተማ» በሚል ቃል ነው። ውበት ምን እንደ ሆነ እኛ ካልተናገርን ሌላው ይናገርልናል። መስታወት ውበት ነው ይለናል፣ እኛም እሺ እንላለን። የመንገድ ዳር ቤት ሁሉ አንድ ቀለም ይቀባ ሲባል የሥርዓት መጀመሪያ ይመስለናል። የለንደኑ ሕግ ግን ስለ ቀለም አልተጨነቀም፤ ስለ ግድግዳ ውፍረት፣ ስለ እሳት፣ ስለ ጎረቤት ነው የደነገገው፤ ውበቱ ከዚያ በኋላ መጣ። ቀለም ቀብቶ ውበት መጠበቅ ሐረግ ገልብጦ ግጥም መጠበቅ ነው።

ስለዚህ የምለው ይህን ነው። የባለቤትን ስም ቈጥሮ ቅርስ የሚለይ አመለካከት ደካማ ሂስ ነው። በሥነ ጽሑፍ ደራሲውን ብቻ እያዩ ሥራውን መተው ስሕተት መሆኑን በአንደኛ ዓመት ተምረናል፤ ለቤትም እንዲሁ ነው። የራሱም ቤት የልብስ ሰፊውም ቤት በአንድ ጥያቄ ይመዘን፦ ለመንገደኛው ምን ሰጠ? በጓሮው ማንን አኖረ? እንዴት አኖረ? ባለሙያው በእንጨቱና በጭቃው ምን ብልኃት አሳየ? በዚህ መመዘኛ ማዕርግ ያለው ቤት ሊወድቅ፣ ስም የሌለው ሱቅ ሊያልፍ ይችላል። ሁሉም ይቆይ አልልም፤ ሳይነበብ አይፍረስ ነው የምለው።

ለዚህም ሥልጣን አያስፈልገንም፤ ሜትር፣ እርሳስና የሚሰማ ጆሮ ይበቃል። በየሰፈራችሁ አንድ አሮጌ ቤት ምረጡ። ፊቱን በወረቀት ሣሉት፣ የበሩንና የመስኮቱን ልክ ጻፉ፣ በረንዳው ስንት እርምጃ እንደሚሄድ ቍጠሩ፣ ከጓሮ ስንት ቤተሰብ እንዳለ ጠይቁ። ከዚያ አንድ ሸምገል ያሉ አናጺ ፈልጉና እያንዳንዱን ክፍል «ይህ ምን ይባላል አባቴ?» በሏቸው፤ የሚሉትንም ሳታርሙ እንዳሉት ጻፉት። አዘጋጆቹ ፈቃዳቸው ከሆነ በሚቀጥለው እትም ሁለት ገጽ ለዚህ ይተዉልን። አንደኛው ገጽ ለሥዕሉ፣ ሁለተኛው ለቃሉ። እኔ የምጀምረው ከመካኒሳ ሰርቪስ ቤት ነው፤ መተላለፊያውን ለክቻለሁ፣ ሰማንያ ሴንቲ ሜትር ነው።